ብስክሌቱ የማን ነው? ኮርቻው ይመስክር

በዛሬው አምዳችን የምንወያየው ስለ ብስክሌት ነው። «ብስክሌት የጎረምሳ መጫወቻ አይደለም ወይ? ከእኛ ኑሮ ጋር ምን አገናኘው?» የሚሉ አይጠፉም። ነገሩን ረጋ ብለን ስንመረምረው ግን፣ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ልጆች ትምህርት ቤት ስትመላለስ ጉልበቷም ጊዜዋም ከሚያልቅባት እናት ይበልጥ ብስክሌት የሚያስፈልገው ሰው ማግኘት ያስቸግራል።

የውይይታችን ዓላማ «ብስክሌት ይግዙ» ብሎ መምከር ብቻ አይደለም። ብስክሌት በስሟ ተገዝቶ፣ ወር ሳይሞላው የወንድም ወይም የባል መጓጓዣ የሚሆንባት፣ እርሷ ግን እንደ ድሮው በእግሯ የምትኳትን ሴት አለች። ለዚህ አንዱ ምክንያት «ለሴት ምን ያደርግላታል» የሚለው የቆየ አስተሳሰብ ነው። ብዙም የማይታሰብበት ሌላው ምክንያት ደግሞ ብስክሌቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእርሷ ቁመትና አቅም አለመስተካከሉ ነው። ያልተስተካከለ ብስክሌት ወገብ ያሳምማል፣ ያስፈራል። የሚያሳምምና የሚያስፈራ ዕቃ ደግሞ ውሎ አድሮ ሌላ ባለቤት ያገኛል።

ቦምቤን ለምሳሌ

ጉዳዩን በምሳሌ ለማስረዳት በወላይታ ዞን የምትገኘውን ቦምቤን እንውሰድ። ቦምቤ የቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ ከተማ ናት። ከወላይታ ሶዶ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከአረካ ብዙ አትርቅም። የታወቀው የአጆራ ጥንድ ፏፏቴ የሚገኘውም በዚሁ በቦሎሶ አካባቢ ነው። አገሩ እንሰትና ጎደሬ የሞላበት፣ ሰው በብዛት የሰፈረበት፣ ዳገቱና ቁልቁለቱ የበዛ ነው። ከዋናው አስፋልት ወጣ ሲሉ ቀበሌን ከቀበሌ የሚያገናኘው ጠጠርና ጥርጊያ መንገድ ነው። ቀዩ አፈር በበጋ አቧራ ይሆናል፤ በክረምት ደግሞ ከጫማና ከጎማ የማይላቀቅ ጭቃ ነው።

እንግዲህ በከተማው ውስጥ የምትኖር፣ በ6 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በሚገኝ የገጠር ትምህርት ቤት የምታስተምር አንዲት እናት እናስብ። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ብትራመድ መንገዱ 72 ደቂቃ ይፈጅባታል። በብስክሌት፣ ዳገቱም ተቆጥሮ፣ በሰዓት በአማካይ 12 ኪሎ ሜትር ብትሄድ 30 ደቂቃ ይበቃታል። በደርሶ መልስ 84 ደቂቃ፣ በ5 የሥራ ቀናት ደግሞ 7 ሰዓት ታተርፋለች ማለት ነው። ሰባት ሰዓት አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ያህል ነው። ጡት ለሚጠባ ሕፃን፣ ለልጅ የቤት ሥራ፣ ወይም ለእናቲቱ ዕረፍት የሚውል ጊዜ ነው። ይኸው ስሌት ከቤት ወደ ቤት ለምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም፣ ሸቀጧን ይዛ ወደ ገበያ ለምትሄደው ነጋዴም ይሠራል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ስሌት አይደለም። በህንድ የቢሀር ግዛት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 በጀመረው ፕሮግራም 9ኛ ክፍል ለሚገቡ ልጃገረዶች ለብስክሌት መግዣ 2 ሺህ ሩፒ ይሰጥ ነበር። ሁለት ተመራማሪዎች ውጤቱን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚመዘገቡት ልጃገረዶች ቁጥር በ32 ከመቶ ማደጉን አሳይተዋል። ጭማሪው ይበልጥ የታየው ትምህርት ቤት ከመንደራቸው 3 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ በሚርቅባቸው ዘንድ ነው። ልብ ይበሉ፤ ብስክሌቱ የልጅቱ ነበር።

በአገራችንም ብስክሌት እንግዳ ነገር አይደለም። እነ ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክለው በብስክሌት ተወዳድረዋል። በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮው ኦሊምፒክ ደግሞ ሰላም አምሃ በሴቶች የጎዳና ላይ ብስክሌት ውድድር ተሰልፋለች።

ስለ ቲታኒየም የሚባለውና እውነቱ

በውጭ አገር ዘመድ ያላቸው አንዳንድ እህቶች «ከቲታኒየም የተሠራ፣ ለአስፋልትም ለጠጠርም የሚሆን ብስክሌት ልላክልሽ ወይ?» ተብለው ሊጠየቁ ይችላሉ። ከመመለስዎ በፊት ምንነቱን ማወቅ ይበጃል።

ቲታኒየም እ.ኤ.አ. በ1791 ዊሊያም ግሬጎር በተባለ እንግሊዛዊ ቄስ የተገኘ፣ በ1795 ደግሞ በጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ክላፕሮት ስም የወጣለት ብረት ነው። ከአውሮፕላን ክፍሎች ጀምሮ ሐኪሞች የተሰበረ አጥንት እስከሚያያይዙበት ብሎን ድረስ ይሠራበታል። አንድ ሳንቲ ሜትር ኩብ የተለመደው ብረት 7.8 ግራም ሲመዝን፣ ያው መጠን ቲታኒየም 4.5 ግራም ይመዝናል። ዝናብና ላብ አያዝገውም፤ ቀለም መቀባት አያስፈልገውም፤ የመንገዱንም ንዝረት በመጠኑ ያለዝባል። ስለዚህ ለክረምት አገር የሚመች ነው ቢባል ሐሰት አይደለም።

ነገር ግን ሁለት ነገር ይታወቅ። አንደኛ፣ ከቲታኒየም የሚሠራው የብስክሌቱ አጽም፣ ማለትም ተላዮው ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ካቴናው፣ ጎማው፣ የፍሬን ሸራው፣ ኩሽኔታው እንደማንኛውም ብስክሌት ያልቃሉ፣ ያረጃሉ። ጥሩ ከሆነ የብረት ተላዮ ጋር ሲነጻጸር የሚገኘው የክብደት ልዩነትም ከ1 ኪሎ አይበልጥም። አንድ ሊትር የውኃ ኮዳ ሲይዙ ልዩነቱ ጠፋ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ቲታኒየም ሲግል ከአየሩ ኦክስጅንን ስለሚስብና ተሰባሪ ስለሚሆን፣ የሚበየደው በአርጎን ጋዝ ተከልሎ ነው። የብረት ተላዮ ቢሰነጠቅ የአካባቢው በያጅ ይጠግነዋል፤ የቲታኒየሙን ግን በተለመደው መበየጃ እንዲነካ አይፍቀዱ። ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ ሙሉ ብስክሌቱ በውጭ ገበያ ብዙውን ጊዜ ከ3 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል።

ስለሆነም ስጦታው ከመጣ በደስታ ይቀበሉ፤ የቀረጡን ነገር ግን ከመላኩ በፊት ያጣሩ። ካልመጣም አይቆጩ። በእቁብ ብር የተገዛ የብረት ብስክሌት በሚገባ ከተስተካከለ፣ ካልተስተካከለ የቲታኒየም ብስክሌት የተሻለ ያገለግላል። ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ለሁለቱም ይሆናል።

ሲመርጡ የሚመለከቱት

ለአስፋልትም ለጠጠርም የሚሆን ብስክሌት ከእሽቅድምድም ብስክሌት የሚለየው በጥቂት ነገሮች ነው። መጀመሪያ ጎማውን ይመልከቱ። የእሽቅድምድሙ ጎማ ቀጭን ስለሆነ በጠጠር ላይ ያንሸራትታል። ለእንደ ቦምቤ ዓይነት መንገድ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ፣ በጎማውና በተላዮው መካከልም ጭቃ የሚያልፍበት ክፍተት ያስፈልጋል። በጎማው ጎን ላይ «40-622» የሚመስል ቁጥር ያገኛሉ። የመጀመሪያው ስፋቱ፣ ሁለተኛው ቸርኬው በሚሊ ሜትር የተለካበት ነው። ይህን ቁጥር ጽፈው በአቅራቢያዎ ያለውን መለዋወጫ ሱቅና ጎሚስታ ይጠይቁ። ከሌለ አንድ ትርፍ ጎማና ሁለት ከመነዳሪ ከብስክሌቱ ጋር እንዲላክ ያድርጉ።

ቀጥሎ ማርሹን ይመልከቱ። ለዳገት አገር የፊተኛው ትንሹ ማርሽ ጥርስ ቁጥር ከኋለኛው ትልቁ ማርሽ ጥርስ ቁጥር እኩል ወይም ያነሰ ይሁን። ለምሳሌ ከፊት 30፣ ከኋላ 34 ጥርስ ቢኖር፣ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ጎማው ከአንድ ዙር በታች ይዞራል። ፍጥነቱ አነስተኛ ቢሆንም ጉልበት ሳይሰብር ዳገት ያስወጣል።

ፍሬኑም በሽቦ የሚሠራ ቢሆን ይመረጣል። በዘይት ግፊት የሚሠራው ለስላሳ ቢሆንም፣ ሲበላሽ ልዩ ዘይትና መሣሪያ ይፈልጋል። ሽቦ ቢበጠስ ግን በየትም ቦታ ይቀየራል። በመጨረሻም ፓራፋንጎና የዕቃ መጫኛ ፖርቶመጋላ ማሰሪያ ብሎኖች መኖራቸውን ያረጋግጡ። ለገበያ የማይሆን ብስክሌት ለእናት ግማሽ ብስክሌት ነው።

በራስ ቁመት ማስተካከል

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ማስተካከሉ በጥድፊያ የሚሠራ አይደለም። አንድ ከሰዓት በኋላ መድበው፣ ሜትር፣ ክር፣ አንድ ዳዶና ብሩጎላ መፍቻ ይዘው ይጀምሩ።

አንደኛ፣ የተላዮው መጠን። ጫማዎን አድርገው ብስክሌቱን በሁለት እግር መሐል አድርገው ይቁሙ። በላይኛው ቱቦና በሰውነትዎ መካከል ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። ከነካዎት ብስክሌቱ ትልቅ ነው፤ በማስተካከል አይድንምና ይለውጡት።

ሁለተኛ፣ የኮርቻው ከፍታ። ጫማዎን አውልቀው ግድግዳ ተደግፈው ይቁሙ። ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር በሁለት እግርዎ መሐል ወደ ላይ እስከ ብሽሽት ያስጠጉና ከጀርባው እስከ መሬት ያለውን ያስለኩ። ያገኙትን ቁጥር በ0.883 ያባዙ። ለምሳሌ 75 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 66 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ፔዳሉ ከሚዞርበት መካከለኛ ነጥብ እስከ ኮርቻው አናት የሚኖረው ርቀት ነው። ተቀምጠው ተረከዝዎን ዝቅ ባለው ፔዳል ላይ ሲያሳርፉ እግርዎ ቀጥ ቢል፣ በእግር ጣቶችዎ ሥር ባለው ወፍራም ክፍል ሲረግጡ ደግሞ ጉልበትዎ ጥቂት እጥፍ ቢል ልክ ነው። ጀማሪ ከሆኑ በቀላሉ መሬት እንዲረግጡ በ1 ወይም በ2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርገው ይጀምሩ። ከለመዱ በኋላ ወደ ልኩ ይመልሱት።

ሦስተኛ፣ ኮርቻው ወደፊትና ወደኋላ። ሁለቱ ፔዳሎች ከመሬት እኩል በሆኑበት ጊዜ ከፊተኛው ጉልበትዎ ሎሚ ሥር ዳዶ የታሰረበት ክር ያስጥሉ። ክሩ በፔዳሉ መካከል ካለፈ መልካም ነው። ኮርቻው ራሱ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ይሁን። የብዙ ሴቶች የመቀመጫ አጥንት ከወንዶች ሰፋ ስለሚል፣ ጠባብ ኮርቻ ይጎዳል። መደንዘዝና መቁሰል «ይለመዳል» ተብሎ የሚቻል አይደለም፤ ኮርቻውን ሰፋ ባለ ይለውጡ።

አራተኛ፣ መሪው። ከኮርቻው እኩል ወይም ከፍ ያለ ይሁን። መሪው ከራቀብዎት ወገብና ትከሻ ያምዎታል፤ መሪውን የሚይዘው አንገት በአጭር ይቀየር። የፍሬን እጀታው ደግሞ ለትንሽ እጅ ከሩቅ ከሆነ፣ ብዙዎቹ እጀታዎች ላይ በምታገኟት ትንሽ ብሎን ወደ መሪው ይቀርባል። ጣት የማይደርስበት ፍሬን እንደሌለ ይቆጠራል።

አምስተኛ፣ የጎማው ነፋስ። በጎማው ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ወሰኑ ነው እንጂ «ይህን ያህል ይነፋ» ማለት አይደለም። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 40 ሚሊ ሜትር ጎማ በጠጠር ላይ ከ2.5 እስከ 3 ባር ይበቃዋል። ጭነት ሲኖር ከኋላ ጥቂት ይጨመር። ከመጠን በላይ የተነፋ ጎማ ይነጥራል እንጂ አያፈጥንም።

የቲታኒየም ተላዮ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ። የኮርቻው ምሰሶ ወደ ተላዮው ከመግባቱ በፊት ግራሶ ይቀባ። ሳይቀባ ከከረመ ሁለቱ ብረቶች ተጣብቀው ላይላቀቁ ይችላሉ። በየክረምቱ መውጫ ነቅለው፣ ጠርገው፣ እንደገና ይቀቡት።

የዘወትር አያያዝ

ከጭቃ ሲመለሱ ብስክሌቱን በውኃ አጥበው ያድርቁ፤ ውኃውን በኃይል በኩሽኔታዎቹ ላይ አይልቀቁ። ካቴናውን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው በጥቂት ጠብታ ዘይት ያለስልሱ፤ ትርፉን መልሰው ይጥረጉ። የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት አቧራ ስለሚሰበስብ ካቴናውንም ማርሹንም ይበላል። ካቴናው ማለቁን ለማወቅ ከአንዱ ፒን መካከል ተነሥተው 24 ዘለላ ይለኩ። አዲስ ሲሆን 30.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። 30.7 ሲደርስ ይቀየር፤ ከዚህ ካለፈ ውድ የሆነውን ማርሽ ይዞ ይሄዳል። አዲስ ብስክሌት ደግሞ ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ ሽቦዎቹ ስለሚላሉና ብሎኖቹ ስለሚረግቡ አንድ ጊዜ ሙሉ ፍተሻ ይፈልጋል።

ለእናቶች የተለየ ማሳሰቢያ

ሕፃን አዝሎ ብስክሌት መንዳት ፈጽሞ አይገባም። ብስክሌቱ ወደ ጎን ቢወድቅ ሕፃኑ የእናቱን ክብደት ይሸከማል። ልጅ የሚቀመጠው በልጅ ወንበር፣ ያውም ያለድጋፍ መቀመጥና አንገቱን በሚገባ መያዝ ሲችል፣ አንድ ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። ቀበቶውም ሄልሜቱም አይዘንጋ። ለእናቲቱም ሄልሜት ያስፈልጋታል።

የነጠላ ጫፍና የቀሚስ ጠርዝ በራጂና በካቴና ይጠመጠማል። ነጠላውን በወገብ ማሠር፣ ለካቴናው መሸፈኛ ማስገጠም፣ ቀሚስ ሰፊ ከሆነ ከሥሩ ሱሪ መልበስ መፍትሔ ነው። ቁልቁለት ከመጀመርዎ በፊት ፍጥነትዎን ይቀንሱ። ሁለቱን ፍሬን አብረው ይያዙ፤ በጠጠር ላይ የፊቱን ብቻ ድንገት መያዝ ይጥላል። ነፍሰ ጡር የሆነች እህት ሚዛኗ ስለሚለወጥና መውደቅ ስለሚያሰጋ ሐኪሟን ታማክር።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ መነገር አለበት። «ብስክሌት ልጃገረድነትን ያጠፋል» የሚለው ወሬ ስንት ልጃገረድ ከመንገድ አስቀርቷል። የድንግልና ምልክት ተብሎ የሚታሰበው ስስ ሥጋ ከሴት ሴት የሚለያይ ነው፤ ስለ ሴቲቱ ታሪክ የሚመሰክረው ነገር የለም። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ጋር ባወጣው መግለጫ የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው ገልጾ እንዲቀር ጠይቋል። ስለዚህ እናቶች ይህን ወሬ ለሴት ልጆቻችሁ አታውርሱ።

ባለቤትነት በቤት ውስጥ

ብስክሌቱ እንደተገዛ ደረሰኙ በእርስዎ ስም ይሁን። ከፔዳሉ መዞሪያ ሥር የተቀረጸውን ቁጥር ጽፈው ያስቀምጡ፤ ፎቶግራፍም ያንሡት። ቢሰረቅ ለፖሊስ የሚቀርብ ማስረጃ ነው። ጠንካራ ቁልፍም አብሮ ይገዛ።

ከሁሉም በላይ ግን ከቤተሰብ ጋር ቀደም ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል። ብስክሌት በቤት ውስጥ ለችግር ጊዜ መዋዋስ ያለ ነው፤ ክፋት የለውም። የእናቲቱ የሥራ ሰዓት ግን ይከበር። አንድ ቀላል ደንብም ይኑር፦ የኮርቻው ምሰሶ በእናቲቱ ልክ ላይ በማይለቅ ቀለም ወይም በፕላስተር ምልክት ይደረግበት፤ የተዋሰ ሰው ሲመልስ ኮርቻውን ወደዚያው ምልክት ይመልስ። ይህ እንደ ትንሽ ነገር ሊታይ ይችላል። ሆኖም በማለዳ ተነሥታ፣ ልጇን አብልታ፣ ለሥራ የምትጣደፍ እናት መፍቻ ፍለጋ ሳትንከራተት ወዲያው ተቀምጣ ልትሄድ የምትችለው በዚህ ነው። ኮርቻው በአባወራው ወይም በወንድም ቁመት ከፍ ብሎ ከተገኘ ደግሞ፣ በዚያ ቤት የማን ጊዜ እንደሚከበር ራሱ ይናገራል።

ባሎችና ወንድሞችም ይህን አምድ እንደምታነቡ እናውቃለን። ብስክሌት ለገዛችሁላት እናት፣ ሚስት ወይም እህት ማስተካከሉን አብራችሁ ሥሩ፤ ሜትሩን ያዙላት፤ በሜዳ ላይ ስትለማመድ ከኋላ ደግፏት። መንዳቱን ከቻለች በኋላ ግን እጃችሁን ልቀቁ።